የደም ግብር ሒሳብ፦ «ቪ ራይዚንግ» በአስገባሪ ዐይን ሲታይ

በግንቤ ውስጥ ያሰርኩት ምሁር የደሙ ጥራት 94 ከመቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ተጫዋቹ ደም ጠጪ ቫምፓየር በሚሆንበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ በ«ቪ ራይዚንግ» ዓለም፣ በየመንገዱ አይገኝም፤ እኔም ሁለት ምሽት ሙሉ ከመንደር መንደር ስዞር ቆይቼ ነው ያገኘሁት። አፍዝዤ እስከ ግንቡ ድረስ መርቼ ካመጣሁትና ከእስር ክፍሉ ካስገባሁት በኋላ አንድ ጠርሙስ ደም ቀዳሁ፤ የጤናው መስመር ትንሽ አጠረ፣ የምሬቱ መስመር ደግሞ ትንሽ ረዘመ። ሁለተኛውን ስቀዳ ጤናው ከመጀመሪያው ይበልጥ ቀነሰ፤ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የባሰ። አራተኛውን ጠርሙስ ይዤ ስቆም ማቆም እንዳለብኝ ዐውቅ ነበር፤ ነገር ግን ከባድ ውጊያ ይጠብቀኝ ስለነበር «ይህችን ብቻ» ብዬ ቀዳሁ። ሰውየው ሞተ፤ ሁለት ምሽት የደከምኩበት የግብር ምንጭም በአንዲት ሰዓት ስስት ደረቀ።

ይህን የምጽፈው ጨዋታውን ከአንድ የተለየ ጥያቄ ጋር ለሚቀርበው ሰው ነው። እኔ ቫምፓየሮች የሚገዙትን ምናባዊ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ለረጅም ጊዜ ሳስብና ማስታወሻ ስይዝበት ቆይቻለሁ፤ ከግንቦቹና ከጥቁር ካባው ይልቅ ሁልጊዜ የሚይዘኝ ግን ግምጃ ቤቱ ነው። መንግሥት ከሕዝቡ የሚሰበስበው ዋናው ግብር ደም ቢሆን፣ ግብሩ በማን ላይ ይጣላል፣ እንዴት ይሰበሰባል፣ የት ይከማቻል፣ ሰብሳቢውንስ ማን ይቆጣጠረዋል? «ቪ ራይዚንግ»ን ከመቶ ሰዓት በላይ የተጫወትኩት ለዚህ ጥያቄ ምን ያህል መልስ እንዳለው ለማየት ነው፤ ግምገማዬም በዚሁ ሚዛን ላይ የተመሠረተ ነው።

ጨዋታውን የሠራው የስዊድኑ ስተንሎክ ስቱዲዮስ ነው። ገና በመሠራት ላይ ሳለ እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 2022 ለኮምፒውተር ተጫዋቾች ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ሳምንትም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ሙሉው ጨዋታ እ.ኤ.አ. ግንቦት 8 ቀን 2024 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ለፕሌይስቴሽን 5 ደረሰ። ተጫዋቹ ከብዙ መቶ ዓመታት እንቅልፍ የነቃ፣ ኃይሉ የተሟጠጠ ቫምፓየር ሆኖ ቫርዶራን በተባለች ምድር ይነሣል፤ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ግንብ ይሠራል፣ ያድናል፣ ኃያላን ጠላቶችን እየገደለ ደማቸውን በመጠጣት አዲስ ጥበብና ሥልጣን ያገኛል። ስለ ውጊያው ብዙ አልልም፤ ፈጣን፣ ጥርት ያለና በደንብ የታሰበበት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ከዛፍ ጥላ ወደ ዛፍ ጥላ እየተሹለከለኩ መሄድ ደግሞ ከአርባ ሰዓት በኋላ እንኳ ያልሰለቸኝ ነገር ነው።

ወደ ግምጃ ቤቱ እንግባ። የእያንዳንዱ ግንብ መሠረት «የግንቡ ልብ» የሚባል ዕቃ ነው፤ ይህ ልብ የሚመታው «ብለድ ኤሰንስ» የተባለውን ከተገደሉ ፍጡራን የሚገኝ የተጣራ ደም እየበላ ነው። ተጫዋቹ ቢያድንም ባያድንም፣ ቢተኛም ቢነቃም ልቡ መብላቱን አያቆምም፤ ባዶ ሲሆን ግድግዳዎቹ መፈራረስ ይጀምራሉ። በመንግሥት ሒሳብ ቋንቋ ብንናገር ይህ መደበኛ ወጪ ነው፤ ድል ተገኘም አልተገኘም የሚከፈል የደመወዝ፣ የጥገናና የጥበቃ ወጪ። የብዙ ጨዋታዎች ግንብ አንዴ ከተሠራ በኋላ ያለ ምንም ወጪ ለዘላለም ስለሚቆም ባለቤቱ ግብር የሚሰበስብበት ምክንያት የለውም፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሌሊት ገቢና ወጪን ማመዛዘን ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ሰዓታት ስጫወት ካርታውን የማየው እንደ ጀብደኛ ሳይሆን እንደ በጀት ኃላፊ መሆኑን ሳስተውል በጣም ደስ አለኝ።

ነገር ግን ገቢው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ጨዋታውን ከእውነተኛው የሰው ገላ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። የአንድ አዋቂ ሰው ደም በአማካይ አምስት ሊትር ያህል ነው። በፈቃዱ ደም የሚለግስ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ እንደገና ለመለገስ ቢያንስ ስምንት ሳምንት፣ በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ሦስት ወር መጠበቅ አለበት። ስምንት ሳምንቱን ብንይዝ አንድ ጤነኛ ሰው በዓመት ስድስት ጊዜ፣ በጠቅላላው 2.7 ሊትር ያህል ይሰጣል። አሁን አንድ ቫምፓየር በሌሊት ግማሽ ሊትር ብቻ ይበቃዋል እንበል፤ በዓመት 182 ሊትር ተኩል ይሆናል፤ ይህን ለ2.7 ስናካፍለው ለአንድ ጌታ ብቻ 68 ጤነኛ አዋቂ ግብር ከፋዮች ያስፈልጋሉ። ሕፃናትን፣ አረጋውያንን፣ ሕመምተኞችንና ነፍሰ ጡሮችን ከግብሩ ነፃ ስናደርግ አንድ ቫምፓየር ማለት አንድ ሙሉ መንደር ማለት ነው። አንድ ሺህ ቫምፓየሮች ያሉት ቤተ መንግሥት 68 ሺህ ከፋይ ይሻል፤ ስለዚህ እንዲህ ባለ ግዛት አንድን ሰው ወደ ቫምፓየርነት መለወጥ የፍቅር ወይም የበቀል ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የበጀት ውሳኔ ነው።

ጨዋታው ይህን ሒሳብ በከፊል ብቻ ተረድቶታል። የተረዳበት ቦታ በመጀመሪያ የጠቀስኩት የእስር ክፍል ነው፤ በእኔ አስተያየት ከጨዋታው ሁሉ የላቀው ሐሳብ ያለውም እዚያ ነው። እስረኛው ሁለት መስመሮች አሉት፦ ጤናና ምሬት። ደም ሲቀዳ ጤናው ይወርዳል፣ ምሬቱ ይጨምራል፤ ምሬቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ደም መቅዳቱ የሚያደርስበት ጉዳት ይከፋል። አይጥ ቢመገብ ያገግማል፤ ዓሣ ሲበላ ግን ምሬቱም ይቀልለታል። አይጥ በግንቡ ውስጥ በቀላሉ ይራባል፤ ዓሣ ለማግኘት ግን መንጠቆ ይዞ ወደ ውሃ መውረድ፣ ጊዜም ማጥፋት ይጠይቃል። ስለዚህ ገዢው በርካሽ መኖና በፈጣን ገቢ፣ ወይም በውድ መኖና በዘላቂ ገቢ መካከል ይመርጣል። የምሬት መስመሩ ጥበብ ያለው በዚህ ነው፤ ግብር ከፋዩን የሚጎዳው የተወሰደበት መጠን ብቻ ሳይሆን ቀደም ሲል ሳያገግም የተወሰደበት ጭምር መሆኑን ያለ አንዳች ንግግር ያሳያል። ያንን ምሁር ከገደልኩ በኋላ ሌላ፣ የደሙ ጥራት 81 ከመቶ የሆነ ሰው አግኝቼ አንድ ጠርሙስ ቀድቼ፣ ዓሣ አብልቼ፣ ሁለቱም መስመሮች እስኪስተካከሉ ጠብቄ እንደገና መቅዳት ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ሰው ያገኘሁት በጠቅላላው አራት ጠርሙስ ነው፤ ከሁለተኛው ያገኘሁትን ግን መቁጠር ካቆምኩ ቆይቷል።

የደም ዓይነቶቹም ሊጠቀሱ ይገባል። ሠራተኛ፣ ተዋጊ፣ ምሁር፣ ቀማኛ፣ ጉልበተኛ እና አውሬ የየራሳቸው ደም አላቸው፤ የሠራተኛ ደም የጠጣ እንጨትና ድንጋይ በብዛት ይሰበስባል፣ የምሁር ደም የጠጣ በአስማት ይበረታል። ይህ ለግብር አጣጣል ትልቅ ትርጉም አለው። በእውነተኛው ገላ ሲታይ የደም ግብር በባሕርይው በነፍስ ወከፍ የሚጣል ነው፤ የባለጸጋውም የድሃውም ገላ የሚይዘው ያንኑ አምስት ሊትር ያህል ስለሆነ፣ እንደ ሀብቱ መጠን እየጨመረ የሚሄድ ግብር መጣል አይቻልም። እንዲህ ያለ ግብር ባለበት ብዙ ጊዜ ባለጸጋው በገንዘቡ የሚተካውን ሰው ያቀርባል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1863 የወጣው የምልመላ ሕግ 300 ዶላር የከፈለ ወይም ምትክ ያቀረበ ሰው ከዘመቻ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር፤ ድሃው በደሙ፣ ባለጸጋው በገንዘቡ ከፈለ ማለት ነው፤ ሕዝቡም በዚህ በእጅጉ ተቆጣ። በቫምፓየር ግዛትም ያው እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ የደም ምትክ የሚሸጡ ድሆች፣ ምትክ የሚያገናኙ ደላሎች፣ ከዚህም ላይ ቀረጥ የሚቆርጥ መንግሥት ይፈጠራሉ። «ቪ ራይዚንግ» ደምን በዓይነትና በጥራት በመለየቱ የአንዱ ሰው ደም ከሌላው የበለጠ ዋጋ እንዲኖረው አድርጓል፤ ለዚህ ገበያ በር የሚከፍት ነገር ነው። የሚያሳዝነው ግን ጥራቱ በዕጣ የሚወሰን መሆኑ ነው። በልቶ ያደረና ጦሙን ያደረ፣ ሰላም ያለውና በፍርሃት የሚኖር ሰው ደማቸው በዚያ ምክንያት አይለያይም። ጥራቱ ከአኗኗር ጋር ቢያያዝ ኖሮ ገዢው ጎተራ ለመሥራት፣ ወረርሽኝ ለመከላከልና መንገድ ለማስጠበቅ ምክንያት ያገኝ ነበር።

የአገልጋዮቹ አሠራር ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ተጫዋቹ ሰውን ማርኮ በልዩ የሬሳ ሣጥን ውስጥ በማስተኛት ወደ አገልጋይነት ይለውጠዋል፤ ከዚያም መሣሪያና ልብስ ሰጥቶ፣ ከዙፋኑ ላይ ሆኖ ወደ አንድ አካባቢ ለዘረፋ ይልከዋል። አገልጋዩ ከሰዓታት በኋላ እንጨቱን፣ ማዕድኑን፣ ቆዳውን ይዞ ይመለሳል፤ አካባቢው ከዐቅሙ በላይ ከሆነ ግን ላይመለስ ይችላል። ይህን ስመለከት ወዲያው የታሰበኝ በኦቶማን መንግሥት የነበረው ዴቭሽርሜ ነው። ኦቶማኖች በባልካን ከሚኖሩ ክርስቲያን ቤተሰቦች ወንዶች ልጆችን እየወሰዱ ወታደርና ሹም ያደርጓቸው ነበር፤ የአካባቢው ሕዝቦችም ይህን «የደም ግብር» ይሉታል። ከተወሰዱት መካከል ሶኮሉ መሐመድ ፓሻ እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1579 ታላቁ ቪዚር፣ ማለትም የሱልጣኑ ዋና ሚኒስትር፣ ሆኖ ግዛቱን አስተዳድሯል። ገዢው ከተገዢው ወገን ሰው ወስዶ፣ ከቤተሰቡና ከአገሩ ለይቶ፣ በእርሱ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ሹም ያደርገዋል፤ የሬሳ ሣጥኑ የሚሠራው ልክ ይህንኑ ነው። የጎደለው ሹሙ ሊሰርቅ አለመቻሉ ነው። አገልጋዩ የሰበሰበውን ሁሉ አንድ ሳያጎድል ያስረክባል፤ ግብር ሰብሳቢው ለራሱ የማያስቀርበት ግዛት ግን እኔ አላውቅም፤ የግዛት ታሪክ ግማሹ በገዢውና በሰብሳቢው መካከል ያለ ትግል ነው።

ስለ ገንዘብ ስንነጋገር ብር የተባለውን ማዕድን ማንሣት ግድ ነው። ከሰዎቹ ሳንቲሞች መካከል ከብር የተሠሩ አሉ፤ ብር ደግሞ ቫምፓየርን ይጎዳል። አንድ ሌሊት የሰው መልክ ይዤ ከነጋዴ ለመገበያየት ቦርሳዬን በብር ሞልቼ ስጓዝ፣ የሚከላከል መድኃኒት ሳልጠጣ መውጣቴን ያወቅኩት ጤናዬ በየእርምጃው ሲንጠባጠብ ነው። ከተማዋ እስክደርስ ሌሊቱ ሊነጋ ጥቂት ቀርቶት፣ እኔም ከግማሽ በታች ጤና ይዤ የከተማይቱን ጠባቂዎች እየሸሸሁ በግድግዳ ጥግ ቆሜ ነበር። ይህ ትንሽ ደንብ ስለ ገዢና ስለ ገበያ የሚናገረው ብዙ ነው። ገንዘቡን በእጁ መንካት የማይችል ገዢ ግብሩን በገንዘብ መሰብሰብ አይችልም፤ ወይ በዓይነት ይሰበስባል፣ ወይ ብሩን የሚነኩለት ሰዎች ይቀጥራል፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ ቀስ በቀስ የግዛቱ እውነተኛ ባለ ገንዘብ ይሆናሉ። ጨዋታው ይህን የመሰለ ሐሳብ በእጁ ይዞ ከመድኃኒት ጠርሙስ አላሳለፈውም፤ መድኃኒቱን ከጠጡ በኋላ ብር ከሌላው ዕቃ የሚለይበት ነገር እምብዛም ነው። ገበያም ላይ ቢሆን ነጋዴዎች በቦታቸው ቆመው ይሸጣሉ እንጂ ቀረጥ የሚከፈልበት በር፣ ግብር የሚጣልበት የገበያ ቀን የለም።

የክምችቱ ጉዳይ የበለጠ ቅር አሰኝቶኛል። በእውነተኛው ዓለም ከልገሳ የተገኘ ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ የሚቆየው ቢበዛ 42 ቀን ያህል ነው። እህል በጎተራ፣ ወርቅ በሣጥን ይከማቻል፤ ደም ግን አይጠብቅም። ስለዚህ የደም ግብር የሚሰበስብ ግዛት ገቢውን ወደ መናገሻው አጓጉዞ ማከማቸት አይችልም፤ ጌቶቹ ራሳቸው በየመንደሩ ተበታትነው ግብራቸውን በቦታው መብላት ይኖርባቸዋል፤ ንጉሡም ከግንብ ወደ ግንብ እየተዘዋወረ የሚኖር ይሆናል። በጨዋታው ግን የታሸገው ደም በሣጥን ውስጥ ወር ይሁን ዓመት ቢቀመጥ አይበላሽም። የሚያስገርመው ጨዋታው የማጓጓዝን ችግር በሌላ በኩል በደንብ ማሰቡ ነው፦ በተለመደው ደንብ ጥሬ ዕቃ የተሸከመ ሰው ከቦታ ቦታ በቅጽበት በሚያደርሱት መሸጋገሪያ በሮች ማለፍ ስለማይችል ድንጋዩንና ብረቱን ይዞ በእግሩ ወይም በፈረሱ አገር ማቋረጥ አለበት። ለድንጋይ የታሰበለት ለደም ቢታሰብለት ኖሮ የግዛቱ አቀማመጥ ከሥሩ ይለወጥ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ግን የመንደሮቹ አለመድረቅ ነው። አንድን መንደር ሌሊቱን ሙሉ ጨርሼ፣ አንድ ሰው እንኳ ሳላስቀር ወጥቼ ስመለስ ነዋሪዎቹ በየቦታቸው ቆመው አገኛቸዋለሁ፤ ገበሬው ያርሳል፣ ጠባቂው ይጠብቃል፣ አንድም የተዘጋ ቤት የለም። በእስር ክፍሉ ያ ሁሉ ጥንቃቄ የታየበት ጨዋታ ከግንቡ ውጪ ላለው ሕዝብ ጤናም ምሬትም አልሰጠውም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ማንኩር ኦልሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ተዘዋዋሪ ሽፍታንና ተቀማጭ ሽፍታን ለይቶ አሳይቶ ነበር። ተዘዋዋሪው ነገ ስለማይመለስበት ያገኘውን ሁሉ ይዘርፋል፤ ተቀማጩ ግን ነገም ከዚያው መንደር ስለሚበላ፣ ዛሬ ከፊሉን ይተዋል፣ ሌላ ሽፍታ እንዳይገባም ይጠብቃል፤ የግብርና የመንግሥት መነሻ ይህ ነው። «ቪ ራይዚንግ» በግንቡ ውስጥ ተቀማጭ፣ ከግንቡ ውጪ ተዘዋዋሪ ያደርገናል። መንደሩን ብንጠብቀው የምናተርፈው፣ ብንጨርሰው የምናጣው ነገር ስለሌለ የምናደርገው ዘረፋ ነው፤ ግብር ልንለው አንችልም።

ከሌሎች ጋር በሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ተጫዋቾች በኢንተርኔት በሚጋሩት አንድ ዓለም፣ ስንጫወት ይህ ይበልጥ ይታያል። ተፎካካሪ ተጫዋች ምሽጌን ሰብሮ የእስር ክፍሌን ሊወስድብኝ እንደሚችል ሳውቅ፣ ሰርቨሩም ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ጸድቶ ሁሉም እንደ አዲስ እንደሚጀምር ሳስብ፣ ዓሣ ፍለጋ መውረዱን ተውኩ። እስረኞቼን አሟጥጬ ቀዳሁ፤ ጠርሙሶቹንም በዚያው ሳምንት ጨረስኩ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል የሚገልጸው ይህንኑ የጊዜ ስሌት ነው፤ ሥልጣኑ አጭር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ገባሩን አያስብም። ብቻዬን ስጫወት ታጋሽ ገዢ የሆንኩት እኔው፣ መሻሬን ሳውቅ ጨካኝ ሆኜ መገኘቴ ሠሪዎቹ አስበውት ይሁን አይሁን ከጨዋታው ካገኘኋቸው ትምህርቶች ሁሉ ጠንካራው ነው።

ስለዚህ ጨዋታውን የምመክረው ለማን ነው? ለጥሩ ውጊያና ለግንብ ሥራ ለሚፈልገው ሰው ያለ ማመንታት ይግዛው እላለሁ። የቫምፓየር ግዛት ምጣኔ ሀብትን ለማጥናት ወይም ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ብቻውን ወይም ከሚያምናቸው ጥቂት ሰዎች ጋር፣ በራሱ ሰርቨር እንዲጫወት እመክረዋለሁ፤ የግንቡ ልብ የሚበላውን መጠን፣ ጥሬ ዕቃ በመሸጋገሪያ በሮች ማለፍ አለማለፉንና ሌሎችንም ደንቦች እንደፈለገው ማስተካከል ይችላል። እኔ የልቡን ፍጆታ ከፍ አድርጌ፣ የመሸጋገሪያ በሩን ክልከላ እንዳለ ትቼ፣ አንድ ደንብ ደግሞ ለራሴ አውጥቼ እየተጫወትኩ ነው፦ ያደንኩበትን መንደር በማስታወሻ ደብተር እመዘግባለሁ፤ የጨዋታው ሃያ ሌሊት ሳያልፍ አልመለስበትም። ከዚያ ወዲህ የማድናቸውን መንደሮች ቁጥር ከሦስት ወደ አሥራ አንድ ማሳደግ ግድ ሆኖብኛል፤ በመካከላቸውም ሁለተኛ ግንብ ለመሥራት ቦታ እየፈለግሁ ነው።